ሰማንያ አሐዱ እና «የተወገዱት» መጻሕፍት፦ ከደብረ ብርሃን የገዛኋቸው ሁለት ጥራዞች

ደብረ ብርሃን ላይ ከሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ፣ ጧፍ፣ ዕጣንና መቁጠሪያ ከሚሸጡት ሱቆች መካከል፣ ንዋየ ቅድሳቱን በአንድ ጥግ ሰብስቦ የቀረውን ግድግዳ በሙሉ ለመጻሕፍት የተወ አንድ ቤት አለ። ባለፈው ኅዳር የነቢያት ጾም ሲገባ ከዚህ ቤት ሁለት ጥራዞች ገዛሁ። አንደኛው በ2000 ዓ.ም. የወጣው የሰማንያ አሐዱ (በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያናችን አቆጣጠር 81 መጻሕፍት ያሉት) መጽሐፍ ቅዱስ ሲሆን 1,900 ብር ከፈልኩበት፤ ሁለተኛው ሄኖክን፣ ኩፋሌን፣ የቶማስ ወንጌል የሚባለውንና የይሁዳ ወንጌል የሚባለውን በአንድ ያሰረ፣ በጥቁር ሽፋኑ ላይ «ከመጽሐፍ ቅዱስ የተወገዱ» የሚል ቃል በወርቃማ ፊደል የተጻፈበት የትርጉም መጽሐፍ ሲሆን ዋጋው 650 ብር ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ ዐቢይ ጾም እስኪያዝ ድረስ አነበብኳቸው። ይህን ግምገማ የምጽፈው ሁለቱን ለመግዛት ለሚያስብ ሰው ነው፤ ነገር ግን ስለ ወረቀትና ስለ ፊደል መጠን ብቻ ተናግሮ ማለፍ አይቻልም፤ ሁለቱም ጥራዞች፣ አንዱ በዝምታ ሌላው በጩኸት፣ ከቅዱሳት መጻሕፍት ቁጥር ውጭ የቀሩ ጥንታውያን ድርሳናት ይግቡ ወይስ አይግቡ ለሚለው ጥያቄ መልስ ሰጥተው የታተሙ ናቸውና።

ስለ ቤቱ አስቀድሜ ጥቂት ልበል። ባለቤቱ ዜማ የተማሩ መሪጌታ ናቸው፤ መጽሐፍ ገልጦ ለሚያነብ ሰው ፊታቸውን አያጠቁሩም፤ ወንበርም ያቀርባሉ። ውዳሴ ማርያም፣ ድርሳነ ሚካኤል፣ ገድለ ተክለ ሃይማኖትና የመልክዕ መጻሕፍት በር አጠገብ ናቸው፤ ገበያው በእነርሱ ላይ ነውና። የብሉይና የሐዲስ መጻሕፍት ከነትርጓሜያቸው በስተ ግራ ተደርድረዋል። ቤቱ ንጹሕ ነው፤ ዋጋው በእያንዳንዱ መጽሐፍ ጀርባ በእርሳስ ተጽፏል፤ የተገዛው መጽሐፍ ገጽ የጎደለው ሆኖ ሲገኝ ያለ ክርክር ይለውጣሉ፤ ይህንንም እኔው ራሴ ከአንድ ዓመት በፊት አይቼዋለሁ። አንድ ነገር ግን አልወደድኩትም። ጥቁሩ ጥራዝ የተቀመጠው በዳዊት አጠገብ፣ ከሰማንያ አሐዱው ጋር ትከሻ ለትከሻ ነው።

«መሪጌታ፣ ይህን መጽሐፍ ከዳዊት ጎን ለምን አስቀመጡት?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ልጄ፣ የሚጠይቀኝ ወጣቱ ነው። ሽፋኑን በስልኩ አይቶ ይመጣል። እኔ ደግሞ ሄኖክን ፈልጎ የመጣውን ሰው ባዶ እጁን ልሰደው አልወድም» አሉኝ፤ ከዚያም ጥቂት ዝም ብለው፦ «የሚያሳዝነኝ ግን፣ ሄኖክ ከእኛ ቤት መች ወጣና ነው ተወገደ የሚባለው?»

የመሪጌታ ጥያቄ የጥቁሩን ጥራዝ ዋና ስሕተት ያመለክታል። መጽሐፈ ሄኖክ በ108 ምዕራፎች፣ መጽሐፈ ኩፋሌም በ50 ምዕራፎች፣ ሙሉ ሆነው የተጠበቁት በግዕዝ ብቻ ነው። ሌላው ዓለም ሄኖክን ለብዙ መቶ ዓመታት የሚያውቀው በስሙና በጥቂት ቁርጥራጭ ጥቅሶች ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 ከኢትዮጵያ ሦስት የብራና ቅጂዎች ይዞ አውሮፓ ደረሰ፤ ሪቻርድ ሎረንስ የተባለው ምሁርም እ.ኤ.አ. በ1821 ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች ጥንታውያን ጥቅልሎች ሲገኙ፣ የሄኖክ ቁርጥራጮች በአራማይስጥ፣ የኩፋሌም በዕብራይስጥ አብረው ተገኙ፤ የእኛ አባቶች ሲገለብጡት የኖሩት መጽሐፍ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአይሁድ ዘንድ ይነበብ እንደነበር በዚያ ታወቀ። ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። ከምዕራፍ 37 እስከ 71 ያለው፣ ስለ ሰው ልጅና ስለ ፍርድ ዙፋኑ የሚናገረው የሄኖክ ክፍል በቁምራን አልተገኘም። ይህን ክፍል ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚያነበው የግዕዝ ጸሐፊ በመቃ ብርዕ ጽፎ ስላቆየው ነው።

ታዲያ የጥቁሩ ጥራዝ ተርጓሚ ሄኖክን ያገኘው ከየት ነው? ከእንግሊዝኛው። መቅድሙ ይህን አይናገርም፤ ንባቡ ግን ራሱ ይመሰክራል። ግዕዙ «ትጉሃን» የሚላቸውን፣ ከሰማይ ወርደው የሰውን ልጆች ያገቡትን መላእክት፣ ይህ መጽሐፍ «ጠባቂዎች» ይላቸዋል። ትጉህ ማለት የማያንቀላፋ፣ ሌሊቱን በምስጋና የሚተጋ ማለት ነው፤ ቃሉ ከቅዳሴያችንና ከሰዓታቱ ጋር ዝምድና አለው፤ «ጠባቂ» ስንል ግን የበር ዘበኛ እንጂ ያ ሁሉ ወደ ልባችን አይመጣም። ዑራኤልን «ዩሪኤል» ይለዋል፤ በዚህ አገር በስሙ ታቦት የተቀረጸለትን፣ ሕዝቡ በየወሩ በ22 ቀን የሚዘክረውን መልአክ የባዕድ ስም አልብሶ እንግዳ አደረገው። መጽሐፈ ኩፋሌንም «የጁብሊዎች መጽሐፍ» ብሎ ሰይሞታል። ኩፋሌ ማለት ክፍፍል ማለት ነው፤ የመጽሐፉ መክፈቻም ራሱ «ዝንቱ ነገር ኩፋሌ መዋዕላት» ብሎ የዘመናትን አከፋፈል የሚናገር መሆኑን ያስታውቃል። ስሙ ከመጽሐፉ የመጀመሪያ መስመር ላይ ተጽፎ ሳለ ከሩቅ አገር ስም መበደር ምን አስፈለገ? «ቃለ በረከት ዘሄኖክ ዘከመ ባረከ ኅሩያነ ወጻድቃነ» ብሎ የሚጀምረው ያ ግርማ ያለው ንባብ በጥቁሩ ጥራዝ ውስጥ ሦስተኛ እጅ ሆኖ፣ ከግዕዝ ወደ እንግሊዝኛ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ዞሮ ሲመጣ ሳነበው ልቤ አዘነ። ሰማንያ አሐዱው በዚህ ረገድ ወደር የለውም፤ የአማርኛው ንባብ ከግዕዙ አጠገብ ቢቀመጥ አይዋሽም።

የሁለተኛው ስሕተት ክብደት ግን ከዚህ ይበልጣል፤ እርሱም ሄኖክንና የቶማስ ወንጌል የተባለውን በአንድ ስም «የተወገዱ» ብሎ ማሰሩ ነው። የቶማስ ወንጌል የተባለው ድርሳን እ.ኤ.አ. በ1945 በላይኛው ግብፅ በናግ ሐማዲ በቅብጥ ቋንቋ ሙሉ ሆኖ የተገኘ የ114 ንግግሮች ስብስብ ነው፤ ልደት የለበትም፣ ስቅለት የለበትም፣ ትንሣኤም የለበትም። በአስቆሮቱ ይሁዳ ስም የሚጠራው የይሁዳ ወንጌል የተባለውም እ.ኤ.አ. በ2006 ታትሞ ዓለም ብዙ ያወራበት ነው። እነዚህ ድርሳናት የሁለተኛው መቶ ዓመት ሰዎች ምን ያምኑና ምን ይከራከሩ እንደነበር ለሚያጠና ሰው ትልቅ ጥቅም አላቸው፤ መታተማቸውንም መሸጣቸውንም አልቃወምም። ነገር ግን በቤተ ክርስቲያናችን የመጻሕፍት ቁጥር ውስጥ ገብተው አያውቁም፤ ገብቶ የማያውቅ ነገር ደግሞ ሊወገድ አይችልም። ሄኖክ በበኩሉ ከኢዮብ፣ ከዳንኤልና ከሌሎች የብሉይ መጻሕፍት ጋር በአንድ ብራና ተጽፎ፣ በአንድ ገበታ ተጠርዞ፣ በአንድ ማኅደር ተሰቅሎ የኖረ መጽሐፍ ነው። ጥቁሩ ጥራዝ ሁለቱን አንድ አድርጎ ሲያቀርብ፣ የማያውቀው አንባቢ ከሁለት ነገር አንዱን ይይዛል፦ ወይ ቶማስን እንደ ሄኖክ ያከብራል፣ ወይ ሄኖክን እንደ ቶማስ ይጠረጥራል። ቤቱ ውስጥ ያገኘሁት አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሁለተኛውን ይዞ ነበር፤ «ሄኖክ እኮ የተከለከለ መጽሐፍ ነው» ብሎ በሙሉ ልብ ነገረኝ፤ ሰማንያ አሐዱውን ገልጬ ሳሳየው ደነገጠ።

ደግሞ ይህ የሆነው በደብረ ብርሃን መሆኑ የበለጠ ከነከነኝ። ከተማይቱን የቆረቆሩት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (የነገሡት እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 ነው) የትኞቹ መጻሕፍት በቁጥር እንደሚገቡ ብርቱ ክርክር በነበረበት ዘመን የኖሩ፣ በድርሳናቸው በመጽሐፈ ሚላድም ሄኖክን ምስክር አድርገው የጠቀሱ ንጉሥ ናቸው። ከዚሁ ከተማ ብዙም በማይርቀው በተጉለት፣ በደብረ ምጥማቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1450 በተደረገው ጉባኤ ቀዳሚትና እሑድ ሁለቱም ሰንበት ሆነው እንዲከበሩ ሲወሰን፣ ከማስረጃዎቹ አንዱ የሐዋርያት ሥርዓት የተጻፈበት መጽሐፈ ሲኖዶስ ነበር። እንግዲህ መጽሐፍ በቁጥር መግባቱና አለመግባቱ ለሰሜን ሸዋ ሰው ከሩቅ የመጣ ወሬ አይደለም፤ የሰንበቱ አከባበር በእርሱ ላይ የቆመ ነው።

ጥያቄው ቀላል ነው ማለቴ ግን አይደለም። ለአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ጵጵስና ሾሞ ወደ አክሱም የላካቸው የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ አትናቴዎስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ367 በጻፈው የትንሣኤ መልእክት 27ቱን የሐዲስ ኪዳን መጻሕፍት ዘርዝሮ፣ በሄኖክ ስም ስለሚጠሩ መጻሕፍት ምእመናን እንዳይታለሉ አስጠንቅቋል። ይህን ሳነብ ለብዙ ቀን ሳስበው ሰነበትኩ። የአባታችን አባት ያልተቀበለውን መጽሐፍ ልጆቹ እንዴት ተቀበሉት? የእኔ መልስ፣ እስከ ዛሬ ካነበብኩት፣ ይህ ነው፦ በአራተኛው መቶ ዓመት የመጻሕፍት ቁጥር በየአገሩ ገና አንድ አልነበረም፤ ከአትናቴዎስ በፊት የሰሜን አፍሪካው ክርስቲያን ጸሐፊ ጠርጡልያኖስ ለሄኖክ ተሟግቶለታል፤ የበርናባስ መልእክት የሚባለውም ጠቅሶታል፤ ከሁሉም በላይ ሐዋርያው ይሁዳ በመልእክቱ በቁጥር 14 እና 15 «ከአዳም ሰባተኛ የሆነው ሄኖክ» ብሎ ቃሉን ወስዷል። እያንዳንዱ ቤተ ክርስቲያን የተረከበውን ጠብቆ ኖረ፤ የእኛዋ ሄኖክን ተረክባ ጠበቀች።

አንድ ስድሳ ስድስቱን መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነብ ጎረቤቴ፣ በሃይማኖት ብንለያይም በመጽሐፍ ፍቅር የምንገናኝ ሰው፣ በዚህ ላይ ጥሩ መልስ ሰጥቶኛል። «ጋሼ፣ ጳውሎስም እኮ በአቴና የግሪክ ባለ ቅኔዎችን ጠቅሷል፤ ቅኔያቸው ግን መጽሐፍ ቅዱስ አልሆነም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 ቁጥር 28 ተጽፏል። መጠቀስ ብቻውን መጽሐፍን ቅዱስ አያደርገውም፤ ጥንታዊ መሆንም አያደርገውም። ሄኖክን ለእኛ ቅዱስ ያደረገው ከይሁዳ ጥቅስ ጋር አብሮ፣ ያለማቋረጥ መገልበጡ፣ በአብነት ትምህርት መተርጎሙ፣ የዘመን አቆጣጠር ሊቃውንት ስለ ፀሐይና ጨረቃ መንገድ ምስክር አድርገው መጥራታቸው፣ በአጠቃላይም በሚጸልይ ሕዝብ መካከል መኖሩ ነው። ቶማስ የተባለው ድርሳን ለዘመናት በአሸዋ ውስጥ ሲተኛ ሄኖክ በደብተራው ትከሻ ላይ በማኅደር ተንጠልጥሎ ይዞር ነበር። በእኔ ፍርድ «ይጨመር» ለሚል ሰው መስፈሪያው ይህ ነው፤ በዚህም መስፈሪያ በቅርቡ የተገኙት ወንጌል ነን ባዮች አይገቡም።

ጎረቤቴ የሚያነበው ጥራዝ ለምን 66 ሆኖ እንደታተመም ማወቅ ይጠቅማል፤ ብዙ ሰው ሌሎቹ መጻሕፍት በጉባኤ ተቆርጠው የወጡ ይመስለዋል። አቡ ሩሚ የተባለው ኢትዮጵያዊ በካይሮ የተረጎመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ወደ ብሪታንያና የውጭ አገር መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር እጅ ገባ፤ ማኅበሩ ሐዲስ ኪዳንን እ.ኤ.አ. በ1829፣ ሙሉውንም እ.ኤ.አ. በ1840 አሳተመ። ይኸው ማኅበር ግን እ.ኤ.አ. ከ1826 ወዲህ ከ66ቱ ውጭ ያሉትን መጻሕፍት ላለማሳተም በአገሩ ውስጥ በተነሣ ክርክር ወስኖ ነበር። እንዲህ ሆኖ በአማርኛ የታተመው መጽሐፍ ቅዱስ ከጅምሩ ያለ ሄኖክና ያለ ኩፋሌ ወጣ። ሚስዮናዊው ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ እ.ኤ.አ. ከ1839 እስከ 1842 በአንኮበር በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ሲቀመጥ ያድላቸው የነበሩት መጻሕፍት ማኅበሩ ያሳተማቸው ነበሩ፤ የአንኮበር ካህናት ደግሞ በዚያው ጊዜ በእጃቸው የያዙት ብራና ሄኖክንና ኩፋሌን ጨምሮ የሚቆጥር ነበር። ማተሚያ ያላገኘው ብራና ከሕዝቡ ዓይን እየራቀ ሄደ። ስለዚህ የሕትመት ነገር ትንሽ ነገር አይደለም፤ ያልታተመ መጽሐፍ ማንም ሳይወስንበት ከቁጥር የወጣ ያህል ይሆናል።

በዚህ ምክንያት ሰማንያ አሐዱውንም ሳላነሣ ልተወው አልችልም። ጥርዙ ጥሩ ነው፤ በክር የተሰፋ ስለሆነ ሦስት ወር ሙሉ እየተገለጠ ገጹ አልለቀቀም፤ ጥቁሩ ጥራዝ ግን በሙጫ ብቻ የተያያዘ በመሆኑ ከኩፋሌ መካከል ስድስት ቅጠል ወልቆብኛል። የሰማንያ አሐዱው ፊደል ትንሽና ወረቀቱም ስስ ነው፤ በመብራት የሚያነብ ሽማግሌ ይቸገራል፤ እናቴ መነጽር አድርጋም ሁለት ገጽ ማንበብ አልቻለችም። ከዚህ የሚበልጠው ጉድለት ግን ሌላ ነው። ሊቃውንቱ 81ዱን የሚቆጥሩት በሁለት መንገድ ነው። በአንደኛው ብሉይ 54፣ ሐዲስ 27 ነው፤ በሌላው ብሉይ 46፣ ሐዲስ 35 ሲሆን፣ በ35ቱ ውስጥ አራቱ የሲኖዶስ መጻሕፍት፣ ሁለቱ መጽሐፈ ኪዳን፣ ቀሌምንጦስና ዲድስቅልያ ይገባሉ። በእጄ ያለው ጥራዝ የመጀመሪያውን ይከተላል፤ ስምንቱን የሥርዓት መጻሕፍት አልያዘም። ይህ በራሱ ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን ሌላ አቆጣጠር መኖሩን በግልጽ የሚነግር አንድ ገጽ ከፊት ቢኖረው ኖሮ፣ «ከመጽሐፍ ቅዱስ የተደበቀ» ነገር ለሚፈልገው ወጣት እውነተኛውን መንገድ ባሳየው ነበር። የደብረ ምጥማቅ አባቶች ለሰንበት የጠቀሱትን ሲኖዶስ ዛሬ የደብረ ብርሃን ምእመን ከመጻሕፍት ቤት ሄዶ በአማርኛ ከሰማንያ አሐዱው ጋር ተያይዞ አለማግኘቱ ያሳዝነኛል። እኔ ይግቡ ብዬ የምለምንላቸው መጻሕፍት እነዚህ ናቸው፤ ከውጭ የሚመጡ አይደሉም፤ ተቆጥረው ሳሉ ያልታሰሩ ናቸው እንጂ።

በመካከለኛ ቦታ የቆሙም አሉ። የሄርማስ ኖላዊ (እረኛ) የሚባለው የጥንት ክርስቲያኖች መጽሐፍ በግዕዝ ተተርጉሞ ነበር፤ በጥንታዊው የሲና የግሪክ ብራና ላይም ከሐዲስ ኪዳን ቀጥሎ ተጽፏል፤ አትናቴዎስ በዚያው መልእክቱ በቁጥር አያስገባውም፤ ነገር ግን ለአዲስ ተማሪዎች እንዲነበብ ይፈቅዳል። ይህ የአትናቴዎስ ፍርድ እጅግ ያስደስተኛል። መጽሐፍን ወይ ቅዱስ ወይ የተከለከለ ብሎ ብቻ ለሚከፍል ሰው ሦስተኛ ቦታ አለ ይለዋል፤ የሚነበብ፣ የሚጠቅም፣ ነገር ግን ሃይማኖት የማይመሠረትበት። በደህና የግዕዝ ሊቅ ተተርጉሞ፣ በፊቱ ይህ ተነግሮለት ለብቻው ቢታተም፣ በመሪጌታ መደርደሪያ ላይ ቦታ ይገባዋል።

ለገዢ የምመክረው እንዲህ ነው። ሄኖክን ወይም ኩፋሌን ማንበብ የሚፈልግ ሰው ገንዘቡን አጠራቅሞ ሰማንያ አሐዱውን ይግዛ፤ ዕድሜው የገፋ ከሆነ ግን ትልቅ ፊደል ያለው እትም እስኪገኝ ይጠብቅ ወይም ልጁ ያንብብለት። ጥቁሩን ጥራዝ ለሄኖክና ለኩፋሌ ብሎ ማንም እንዲገዛ አልመክርም። ስለ ቶማስና ስለ ይሁዳ ማወቅ የሚሻ ተማሪ ቢገዛው አልከለክለውም፤ ነገር ግን መቅድሙ እነዚህ ድርሳናት መቼና የት እንደተገኙ፣ በማን ዘንድም ይነበቡ እንደነበር ምንም አይናገርም፤ ስለዚህ አስቀድሞ ከመምህር ይጠይቅ። አሳታሚው ድጋሚ የሚያትም ከሆነ ሽፋኑ ላይ ያለውን ቃል አንሥቶ፣ ሄኖክንና ኩፋሌን ከግዕዙ አስተርጉሞ ለየብቻ ቢያወጣ፣ የመጀመሪያው ገዢ እኔ ነኝ።

ይህን ሁሉ ለመሪጌታ ባለፈው ሳምንት ነገርኳቸው። የወለቀውን ጥራዝ ተቀብለው ገንዘቤን ሊመልሱልኝ ፈለጉ፤ እኔም በእርሱ ፈንታ ዲድስቅልያ ሲመጣ እንዲያስቀምጡልኝ ለመንኳቸው። ጥቁሮቹን መጻሕፍት ከዳዊት አጠገብ አንሥተው፣ የታሪክና የጥናት መጻሕፍት ወዳሉበት ወደ ታችኛው መደርደሪያ አወረዷቸው፤ ባዶ በሆነው ቦታም የቀረውን አንዱን ሰማንያ አሐዱ መጽሐፈ ሄኖክ ላይ ገልጠው አቆሙት።